ኩዌክ፣ አንሪያል ቶርናመንት ወይስ ዞኖቲክ? የአሬና ተኩስ ጨዋታ ለሚመርጡ

የአሬና ተኩስ ጨዋታ ለመጀመር ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጥያቄ ላይ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች አሉ፤ እስካሁን አልተስማሙም፤ ይስማማሉ ብዬም አልጠብቅም። እኔ የምመክረው ሌላ ጥያቄ ማስቀደም ነው፦ የሚጫወቱት ከማን ጋር ነው? ከአንድ እልኸኛ ጓደኛ ጋር ፊት ለፊት? በበዓል ቀን አንድ ሳሎን ውስጥ ከተሰበሰቡ የአክስትና የአጎት ልጆች ጋር? ወይስ ማታ ከሥራ ሲገቡ በኢንተርኔት ከማያውቁት ሰው ጋር? እነዚህ ጨዋታዎች የረባ ታሪክም ሆነ መጨረሻ የላቸውም። ያላቸው ካርታ፣ መሣሪያና ተጋጣሚ ነው። ተጋጣሚው ከታወቀ ቀሪዎቹን ሁለቱን መምረጥ ቀላል ይሆናል።

በተጫዋቹ ዓይን የሚታይ ተኩስ ሁሉ አሬና አይባልም። በካውንተር ስትራይክ ተጫዋቹ ዙሩ ሲጀመር ባለው ገንዘብ መሣሪያ ይገዛል፤ ከሞተ ዙሩ እስኪያልቅ የሌሎችን ጨዋታ ቁጭ ብሎ ያያል። በኮል ኦፍ ዲዩቲ ደግሞ ብዙ ሰዓት የተጫወተ ሰው ጀማሪው ገና ያልደረሰበትን መሣሪያ ይዞ ይገባል። በአሬና ግን ሁሉም እኩል፣ ያውም ደካማ መሣሪያ ይዞ ይነሣል። ኃይለኞቹ መሣሪያዎች፣ ጥሩሩና የጤና ሣጥኑ በካርታው ላይ በታወቀ ቦታ ተቀምጠዋል፤ ቀድሞ የደረሰ ያነሣቸዋል፤ ከተነሡ በኋላም በተወሰነ ሰከንድ ይመለሳሉ። የሞተ ወዲያውኑ ሌላ ጥግ ላይ ተነሥቶ ይሮጣል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው በመሣሪያውም ሆነ በደረጃው ማመካኘት አይችልም። ብዙዎችን የሚያርቃቸው ይኸው ነው፤ የቀረነውን ያስቀረንም ይኸው ነው።

መሠረቱ የተጣለው በዱም ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አይዲ ሶፍትዌር ጨዋታውን በታኅሣሥ 1993 ሲያወጣ በአንድ ቢሮ ኔትወርክ የተገናኙ አራት ሰዎች እርስ በርስ መታኰስ ይችሉ ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ፍልሚያ «ዴዝማች» የሚለውን ስም ያወጣለት ከፈጣሪዎቹ አንዱ የሆነው ጆን ሮሜሮ ነው። በ1996 ኩዌክ ተከተለ፤ ክፍሎቹም ሰዎቹም ሙሉ በሙሉ ባለ ሦስት ገጽታ ሆኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ኩዌክወርልድ ደግሞ በስልክ መስመር ሞደም የሚጫወት ሰው ቁልፉን በተጫነበት ቅጽበት እንዲንቀሳቀስ አደረገ፤ ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ መልስ እስኪሰጥ መጠበቅ ቀረ። በ1997 የአይዲ ዋና ፕሮግራመር ጆን ካርማክ የራሱን ቀይ ፌራሪ ለኩዌክ ውድድር አሸናፊ ሽልማት አቀረበ፤ ወስዶት የሄደውም «ትሬሽ» በሚል ስም የሚጫወተው ዴኒስ ፎንግ ነበር። ሁለቱ ታላላቅ ተፎካካሪዎች የመጡት ግን በ1999 መጨረሻ፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ነው።

ኩዌክ 3፦ ለሁለት ሰው

ኩዌክ 3 አሬና ሁሉን ነገር አራግፎ የመጣ ጨዋታ ነው። ለብቻ የሚጫወት ሰው እንኳ የሚጋጠመው በዚያው የፍልሚያ ካርታ ላይ ከኮምፒውተር ተጫዋቾች፣ ማለትም ከቦቶች ጋር ነው። መሣሪያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም አንድ ሥራ አላቸው። ሮኬቱ ለቅርብና ለመካከለኛ ርቀት ነው፤ የለመደ ሰው በደረት ላይ አይተኩሰውም፣ እግር ሥር ያፈነዳዋል፤ ቢስት እንኳ ፍንዳታው ይነካልና። የመብረቁ ጠመንጃ ዒላማውን ሳይለቅ መከተል ለሚችል ሰው ነው። ሬይልጋኑ የሩቅ መሣሪያ ነው፤ አንድ ምት፣ 100 ጉዳት፣ ከዚያ አንድ ሰከንድ ተኩል ጥበቃ።

ይህን ቁጥር ትንሽ ብንመነዝረው ጨዋታው ምን ዓይነት እንደሆነ ይታያል። 100 ጤና ያለውና ጥሩር ያልለበሰ ሰው በሬይልጋን አንዴ ከተመታ አለቀለት። በጤናው ላይ 100 ጥሩር ካለው ግን ጥሩሩ ከጉዳቱ ሁለት ሦስተኛውን ይሸከማል፦ 66 ከጥሩሩ፣ 34 ከጤናው ይቀነሳል። ቆሞ ይቀራል፤ ሁለተኛው ምት ግን ይጥለዋል። ጥሩሩ ያስገኘለት ትርፍ በሁለቱ ምቶች መካከል ያለችው አንድ ሰከንድ ተኩል ናት። በዚያች ጊዜ ውስጥ ግድግዳ ጀርባ ሊሰወር ወይም ሮኬቱን መዝዞ መልስ ሊሰጥ ይችላል። የሁለት ሰው ፍልሚያ ዋና ጉዳይ ተኩሱ የሚመስለው አለ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዋናው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ቀዩ ጥሩር ከተነሣ በ25 ሰከንድ፣ ትልቁ የጤና ኳስ በ35 ሰከንድ ይመለሳል። ጥሩሩን 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ ያነሣ ሰው 4 ከ35 ላይ እዚያው መገኘት አለበት፤ ተጋጣሚውም ይህን ያውቃል፤ እንደሚያውቅ ደግሞ የመጀመሪያው ያውቃል። እቃ ሲነሣ ድምፅ አለው፤ አቅራቢያ ያለ ሰው ይሰማዋል። ጎበዝ ተጫዋች በጆሮው የሚሰማውን እየቆጠረ፣ ያላየው ባላጋራ የት እንዳለ አውቆ በሩ ላይ ይጠብቀዋል።

እንቅስቃሴውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተራ ሩጫ በጨዋታው መለኪያ በሰከንድ 320 ነው። ነገር ግን እየዘለሉ፣ የፊትና የጎን ቁልፍ በአንድ ላይ ይዘው፣ ማውሱን ቀስ አድርገው ወደዚያው ጎን ሲያዞሩ ፍጥነቱ ከዚያ አልፎ ይወጣል። ምክንያቱ ሒሳቡ ነው፦ ጨዋታው የፍጥነት ጣሪያውን የሚለካው ተጫዋቹ ሊሄድ በፈለገበት አቅጣጫ ብቻ ነው፤ አቅጣጫው ከእውነተኛው ጉዞ ትንሽ ዘወር ካለ በጣሪያው ሥር ሁልጊዜ ትንሽ ክፍት ቦታ ይገኛል፤ በእያንዳንዱ ዝላይ ያችን መሙላት ይቻላል። ካርማክ ይህን ሊያጠፋው ሞክሮ ነበር፤ ተራው አሯሯጥ ሲበላሽበት ተወው። ዛሬ ይህን የማያውቅ ሰው ኩዌክ 3 ውስጥ በእግሩ እየሄደ በመኪና ከሚሄዱ ጋር እንደሚወዳደር ነው።

ከካርታዎቹ ጀማሪዎች የሚወዱት ዲኤም 17 ነው፤ ባዶ ጠፈር ላይ የተንሳፈፉ ጥቂት መድረኮች፣ ሰውን ወደ ላይ የሚወነጭፉ መዝለያዎች፣ ሩቅ ላይ የተቀመጠ ሬይልጋን። ለስድስት ሰው ሳቅ በሳቅ ነው። የሁለት ሰው ጨዋታ አጥባቂዎች ግን ይንቁታል፤ ተደብቆ የሚታደፍበት ማዕዘን ስለሌለው በአብዛኛው የዓይንና የሬይልጋን ውድድር ብቻ ስለሚሆን ነው። እነሱ ዲኤም 6ን የመሰሉ፣ ደረጃና መተላለፊያ የሞላባቸውን ይመርጣሉ። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ።

ኩዌክ 3 ሁለት ሰዎች ለሚፎካከሩበት ቤት የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሦስተኛና አራተኛ ሰው ካለ በውድድር ዓይነቱ ተራ ይይዛሉ፤ ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ችግሩ ችሎታ ሲራራቅ ነው። ለአሥር ዓመት የተጫወተ ሰው ጀማሪውን 30 ለ0 ሊረታው ይችላል፤ ሁለተኛ ዙር የሚጠይቅ ጀማሪም ጥቂት ነው። ለዚህ ብዙዎች የሚረሱት መፍትሔ በጨዋታው ውስጥ አለ፦ ብርቱው ተጫዋች በራሱ ማስተካከያ ገጽ ላይ «ሃንዲካፕ» የሚለውን ዝቅ ቢያደርግ ጤናውም የሚያደርሰው ጉዳትም አብሮ ይቀንሳል። ወንድማማቾች ሳይኳረፉ እንዲያመሹ ይህችን ቁልፍ መጠቀም ነውር የለውም።

አንሪያል ቶርናመንት፦ ለሞላ ክፍል

ኤፒክ ጌምስ ከዲጂታል ኤክስትሪምስ ጋር የሠራው አንሪያል ቶርናመንት ግን በተቃራኒው ብዙ ነገር ጭኖ የመጣ ነው። አብዛኛው መሣሪያ ሁለት ዓይነት አተኳኮስ አለው፤ የግራና የቀኝ የማውስ ቁልፍ የተለያየ ሥራ ይሠራሉ። በጣም የተወደደው ሾክ ራይፍል ነው። በአንዱ ቁልፍ ቀጭን ጨረር ወዲያው ዒላማውን ይመታል፤ በሌላው ቀስ ብላ የምትንሳፈፍ የኃይል ኳስ ትወጣለች። ኳሷን ለቅቀው፣ ጠላት አጠገብ ስትደርስ በገዛ ጨረርዎ ቢመቷት ትልቅ ፍንዳታ ትሆናለች፤ ጥጉ ጀርባ የተደበቀውም አይተርፍም። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በተግባር ግን ኳሷ ስትሄድ እርስዎም እየሮጡ ነው፣ ጠላትም እየዘለለ ነው፣ የሚመቱት ነገር ደግሞ ጠላቱ ሳይሆን የራስዎ ኳስ ነው፤ ዓይን ሁለት ቦታ ላይ መዋል አለበት። አንድ ጊዜ ከተሳካልዎ በኋላ ግን ቀላሉን መንገድ ትተው ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲሞክሩ ያድራሉ። ፍላክ ካነን የሚባለው ደግሞ ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት ለሌለው ነው፤ በቅርብ ርቀት የጋለ ብረት ስብርባሪ ይረጫል፤ ስብርባሪው ከግድግዳ ነጥሮ ስለሚመለስ ማነጣጠር የማይችለውንም ያስደስተዋል።

የፍልሚያ ዓይነቶቹ ናቸው ግን ለብዙ ሰው የሚያመቹት። ባንዲራ መስረቅ አለ፤ የተወሰኑ ነጥቦችን ይዞ በመቆየት ውጤት የሚሰበሰብበት አለ፤ አንዱ ቡድን ምሽግ የሚያጠቃበት፣ ከዚያ ተራ ለውጠው ሌላው በአጭር ጊዜ ሊጨርሰው የሚሞክርበት «አሶልት» አለ። በባንዲራ ጨዋታ ላይ ትራንስሎኬተር የሚባል መሣሪያ ይያዛል፤ ትንሽ ዲስክ ወርውረው በአንድ ቁልፍ ራስዎን ወደ ዲስኩ ያዛውራሉ። ባንዲራ ይዘው ግን ቢሞክሩት ባንዲራው እጅዎ ላይ አይቆይም፤ ወድቆ ይቀራል። ስለዚህ ፈጣኑ ሰው ለመስረቅ ይጠቅማል፤ ሰርቆ ለመመለስ ግን ጠባቂ ያስፈልገዋል። ጥሩ የቡድን ጨዋታ ሕግ ማለት ይህ ነው፤ ማንም ሳያዝዝ ሰዎች እንዲረዳዱ ያስገድዳል።

ፌሲንግ ወርልድስ የሚባለውን ካርታ ያላየ ካለ መጀመር ያለበት ከሱ ነው። ጠፈር ላይ በተንጠለጠለ አለት ሁለት ረጃጅም ግንቦች ፊት ለፊት ተተክለዋል፤ መካከላቸው አንድ መተላለፊያ ብቻ አለ፤ ግንቡ ላይ የወጣ አነጣጣሪ ደግሞ መተላለፊያውን ሁሉ ያያል። እንደ ካርታ ብዙ ጉድለት አለበት። መደበቂያው አነስተኛ ነው፤ አነጣጣሪዎች ከላይ ሳይወርዱ ሊውሉ ይችላሉ። ነገር ግን ስድስት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «ይዞት ወጣ! ይዞት ወጣ!» ብሎ ሲጮህ ጉድለቱን የሚያስታውስ የለም።

የቦቶቹ ጉዳይ ሚዛኑን ወደዚህ ጨዋታ ያጋድለዋል። የሠራቸው ስቲቭ ፖልጅ ነው፤ ቀደም ሲል ለመጀመሪያው ኩዌክ ሪፐር የሚባለውን ቦት የሠራው ሰው ነው። ስምንት የችሎታ ደረጃ አላቸው። በቡድን ጨዋታም ተከላከሉ፣ አጥቁ፣ ተከተሉኝ ሲሏቸው ይታዘዛሉ። ሰባት ሰው ከመጣና ቡድኑ ጎደሎ ከሆነ አንድ ቦት ይገባል፤ ማንም ወንበር ላይ ሆኖ አይመለከትም። ችሎታቸው ለተራራቀ ሰዎች ደግሞ «ኢንስታጊብ» የሚባለው ለውጥ አለ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መሣሪያ ይይዛል፣ የተመታ ሁሉ በአንድ ምት ይወድቃል። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ጥሩር መቁጠር የሚባል ነገር የለም፤ ጀማሪውም በዕድል ቢሆን እንኳ ሻምፒዮኑን ጥቂት ጊዜ ይጥለዋል።

ዛሬ ይህን ጨዋታ ከማንኛውም መደብር መግዛት አይቻልም፤ ኤፒክ የቆዩ የአንሪያል ጨዋታዎቹን ከሽያጭ አንሥቷቸዋል። ሆኖም ኦልድአንሪያል የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ በኤፒክ ፈቃድ በነጻ እንዲወርድ አድርጎታል፤ ለዛሬ ኮምፒውተሮች የሚስማማ ማሻሻያም ይሠራለታል። በ1999 ሲወጣ 200 ሜጋኸርዝ ፔንቲየም ላይ እንዲሄድ የተሠራ ስለሆነ ዛሬ ቢሮ ውስጥ የተጣለ ላፕቶፕ እንኳ አይከብደውም።

የ2004ቱ ተከታይ ተሽከርካሪዎችን ያመጣ ሲሆን፣ ትላልቅ ሜዳዎች ላይ በሰንሰለት የተያያዙ ጣቢያዎችን መያዝ የሚጠይቀው «ኦንስሎት» የሚባል ዓይነት አለው። ከአሥር ሰው በላይ ለሚሰበሰብበት ጥሩ ነው፤ ለአራት ሰው ግን ሜዳው ይሰፋል።

አያቱና የልጅ ልጆቹ

የመጀመሪያው ኩዌክ ሁለት መልክ ይዞ ዛሬም አለ። አንደኛው ኩዌክወርልድ ነው። በኢዝኩዌክ ፕሮግራም የሚጫወቱ፣ በተለይ በሰሜን አውሮፓ የሚገኙ ሰዎች አራት ለአራት ይጋጠሙበታል። በአየር ላይ ሰውነትን ማዞር የሚቻልበት መጠን ከኩዌክ 3 ስለሚበልጥ ፍጥነቱ ዓይን ያደናግራል። ጀማሪን አልልክበትም፤ ተጫዋቾቹ አሥርና ሃያ ዓመት ያካበቱ ናቸው።

ሁለተኛው በ2021 ታድሶ የወጣው ነው። ይህ በፕሌይስቴሽን፣ በኤክስቦክስና በኒንቴንዶ ስዊችም ይሄዳል፤ አንዱን ቴሌቪዥን ለብዙ ተጫዋች ከፍሎ ማጫወት ይችላል፤ ቦትም አለው። በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ከኳስ ጨዋታ ሌላ መሞከር ለሚፈልግ ባለቤት ከሁሉም በላይ የሚስማማው ይህ ይመስለኛል። በ2023 የታደሰው ኩዌክ 2ም እንዲሁ ነው። ከማውስ ጋር ሲነጻጸር በጆይስቲክ ማነጣጠር አዝጋሚ ነው፤ ሁሉም በጆይስቲክ ከሆነ ግን ቅሬታ አይኖርም።

ኩዌክ ላይቭ በ2009 ለሙከራ የተከፈተ፣ በመሠረቱ ኩዌክ 3ን ለኢንተርኔት ያሰናዳ ጨዋታ ነው። ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ መደብር መደበኛ ዋጋው 10 ዶላር ገደማ ነው። ብቻውን በኢንተርኔት ተጋጣሚ ለሚፈልግ ሰው ከኩዌክ 3 ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ኩዌክ ቻምፒየንስ ደግሞ በነጻ ነው፤ በ2017 ብቅ ሲል እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የየራሱ ጤናና ልዩ ችሎታ ነበረው። አንዱ በግድግዳ ያያል፣ ሌላው ራሱን ያዛውራል። ግራፊክሱ ያምራል፣ ኮምፒውተሩም ጠንካራ መሆን አለበት። ለእኔ ግን ሁሉም እኩል የሚነሣበት ሕግ ከቀረ የአሬና መንፈሱ ግማሹ ሄዷል። ልዩ ልዩ ገጸ ባሕርያትን የሚወድ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቅብኝ ይሆናል፤ ጨዋታው ለሱ ነው።

ያለ ገንዘብ

የውጭ አገር ካርድ ለሌለው ሰው ዞኖቲክ ቀዳሚ ምርጫ ነው። በ2010 ከኔክሱዊዝ ተገንጥሎ የተፈጠረ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ፣ ምንም የማያስከፍል ጨዋታ ነው። መጠኑ ከአንድ ጊጋባይት ብዙም አይርቅም፤ ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ኢንስቶል ማድረግ አያስፈልገውም። የወረደውን ፋይል ፈትተው በፍላሽ ዲስክ ካስቀመጡት ያው አንዱ ማኅደር ዊንዶውስ ላይም ሊኑክስ ላይም ይከፈታል። ሁልጊዜ በእጅ ያለው ብላስተር ራስን ወደ ላይ ለማስፈንጠር ስለሚያገለግል፣ እንቅስቃሴው ከኩዌክ 3 የበለጠ ልቅ ነው። እንደ ሾክ ራይፍል ኳስን በተኩስ የሚያፈነዳ መሣሪያም አለው፤ ስለዚህ የሁለቱንም ቤት ጣዕም ያገኙበታል። ካርታዎቹ እንደ ዲኤም 6 ወይም እንደ ፌሲንግ ወርልድስ በአእምሮ የሚቀሩ አይደሉም፤ ያ ብቻ ነው የጎደለው።

ኦፕንአሬና የተሠራው የኩዌክ 3 የፕሮግራም ምንጭ በ2005 በነጻ ከተለቀቀ በኋላ በዚያው ላይ ነው። ሥዕሎቹ ሸካራ ናቸው፤ የመጨረሻው ዋና እትምም የ2012 ነው። ዞኖቲክን መሸከም ላቃተው በጣም ያረጀ ኮምፒውተር ግን ያድናል። ከነዚህ ውጪ በስልክ ላይ የሚወርዱትን መሳዮች አልመክርም፤ በመስታወት ላይ በአውራ ጣት እየተንቀሳቀሱ ይህን ፍጥነት መቋቋም አይቻልም።

ርቀቱን ማስላት

በኢንተርኔት ለሚጫወት ሰው ፒንግ፣ ማለትም ትእዛዙ ሰርቨር ደርሶ መልስ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ከጨዋታው ምርጫ ያልተናነሰ ነገር ይወስናል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደርሶ መልሱ እንግዲህ ምንም ሳይዘገይ እንኳ 53 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር አልፎ፣ በባሕር ሥር ገመድ ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በጣም ይበልጣል። ምንም ዓይነት ፓኬጅ ቢገዙ ከ53 በታች የሚያወርድልዎ የለም።

ከዚህ ተነሥቶ መምረጥ ይቻላል። በመጀመሪያው ኩዌክ 3ም ሆነ በአንሪያል ቶርናመንት ሰርቨሩ ምቱን የሚፈርደው ትእዛዙ በደረሰበት ቅጽበት ነው፤ ፒንግዎ ከፍ ካለ በሬይልጋን ጠላቱ ያለበትን ሳይሆን ሊደርስ ያለበትን ቦታ መምታት ግድ ይላል። ኩዌክ ላይቭና ዞኖቲክ መዘግየቱን በተወሰነ መጠን ያካክሳሉ። ሮኬትና ፍላክን የመሳሰሉ ቀስ ብለው የሚጓዙ መሣሪያዎች ደግሞ ድሮም ቀድሞ መገመት ይጠይቃሉና በከፍተኛ ፒንግ ላይ ያን ያህል አይጎዱም። በሩቅ ሰርቨር ላይ በር በሩን በሮኬት መዝጋት፣ ሬይልጋኑን ለቅርበኞቹ መተው ነው።

ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም የሚኖር ሰው በአቅራቢያው ሰርቨር ስለማያጣ ይህ አያሳስበው ይሆናል። አንዱ ወንድም አሜሪካ፣ ሌላው አዲስ አበባ ሆነው ሲጋጠሙ ግን ሰርቨሩ የት ይሁን የሚለው ክርክር ይነሣል። አንደኛው ቤት ላይ ከተከፈተ የቤቱ ባለቤት ያለ ምንም መዘግየት ይተኩሳል፤ ሌላው ደግሞ ሙሉውን ርቀት ይሸከማል። አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰርቨር ቢመርጡ ሁለቱም ከፍ ያለ ፒንግ ይኖራቸዋል፤ ልዩነቱ ግን ይጠባል።

የመጀመሪያው ምሽት

ከሁሉም የሚሻለው አሁንም በአንድ ክፍል ውስጥ በገመድ መገናኘት ነው። አንድ ትንሽ የኔትወርክ ማገናኛ (ስዊች)፣ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ገመድ፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ፒንጉ ከቁም ነገር የማይገባ ይሆናል። ጨዋታውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር ጠንካራው ይሁን፤ እሱ ከተንገዳገደ ሁሉም ይንገዳገዳልና። ጥሩ ማውስ ለሁሉም ያስፈልጋል፤ በላፕቶፕ መዳሰሻ አሬና የሚጫወት ሰው በግድ መሸነፍ የመረጠ ነው። በዊንዶውስ የማውስ ማስተካከያ ውስጥ ፍጥነቱን በራሱ የሚቀያይረውን ምርጫ ያጥፉት፤ እጅ አንድ ሳንቲሜትር ሲሄድ ሁልጊዜ እኩል እንዲዞር። ራሳቸውን የሚያዞራቸው ሰዎች ካሉ የእይታውን ስፋት ከ90 ወደ 100 ወይም 110 ከፍ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይረዳቸዋል።

አራት ሰውና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ አንሪያል ቶርናመንትን ክፈቱ። ዴክ 16 በሚባለው ካርታ ላይ እስከ 15 ነጥብ ሁሉም ለራሱ ይጫወት፤ ወለሉ ላይ ያለው አረንጓዴ ገንዳ ሰውን እንደሚገድል ለጀማሪዎቹ አስቀድሞ መንገር ግዴታ አይደለም። ከዚያ ቡድን ተከፍሎ ወደ ፌሲንግ ወርልድስ ነው። ሌሊቱ ገፍቶ ሁለት እልኸኞች ብቻ ሲቀሩ ኩዌክ 3ን ይክፈቱ፤ የአሥር ደቂቃ ዙር፣ ዲኤም 6፣ ሃንዲካፑም እንደ ስምምነታቸው።